ወፍ ስንል የትኛዋን ነው?

የስልኬን ማንቂያ ካጠፋሁት ዓመታት አልፈዋል። ጋጋኖዎች አሉልኝ። የምኖረው ከቀበና ወንዝ ከፍ ብሎ፣ ወደ አራት ኪሎ በሚያወጣው አቀበት ወገብ ላይ ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ ወንዙ ዳር ካሉት ባሕር ዛፎች በአንዱ ላይ ያደረ ጋጋኖ «ሃ!» ይላል። አንዴ ብቻ። ሌላው ይቀበለዋል፣ ሦስተኛው ይደርባል፣ ወዲያው መንጋው በሙሉ «ሃ፣ ሃ፣ ሃሃሃሃ» እያለ ተነስቶ በጣሪያችን ላይ ያልፋል። «ወፍ ሲንጫጫ ተነሳሁ» የሚል ሰው እኛ ሰፈር አድሮ አያውቅም። የእኛዎቹ ጠላ ቤት አምሽተው እየተሰዳደቡ የሚወጡ ሰዎችን ነው የሚመስሉት።

ማታ ደግሞ ሌላ እንግዳ አለን። ግቢያችን ውስጥ አንድ ያረጀ ወሽመላ አለ። ፍሬው ቢጫ መሆን ሲጀምር፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል በኋላ ነፋስ ሳይኖር ቅርንጫፉ ይወዛወዛል። ቴሌቪዥኑን ዘግቶ በረንዳ ላይ ዝም ብሎ ለቆመ ሰው «ጠቅጠቅ፣ ጠቅጠቅ» የሚል፣ ሁለት ሁለት እየሆነ የሚመጣ ቀጭን ድምፅ ይሰማል። ጠዋት የጎረቤቴ ቪትዝ ጣሪያ ላይ የተላመጠና የተተፋ የፍሬ እንክርት ደርቆ ተጣብቆ ይገኛል።

«እነዚህ ወፎች መኪናዬን ጨረሱት» አለኝ አንድ ቀን።

«ወፍ አይደሉም» አልኩት።

«ታዲያ ምንድን ናቸው?»

«የሌሊት ወፍ።»

ሳቀብኝ። ልክ ነው። በአማርኛ እየተናገርክ የሌሊት ወፍ ወፍ አይደለችም ብለህ መከራከር አትችልም፤ ስሟ ራሱ ያሸንፍሃል። ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ላይ የማይበሉት አዕዋፍ ሲቆጠሩ ጋጋኖም አለ፣ ሽመላም አለ፣ ዝርዝሩ የሚዘጋው ደግሞ በየሌሊት ወፍ ነው። የሚበር ሁሉ አንድ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። የአያቴ ተረት ግን ከዚህ ይጠረጥር ነበር። የወፎች ግብር ሰብሳቢ ሲመጣ የሌሊት ወፍ ጥርሷን እያሳየች «እኔ አይጥ ነኝ» ትላለች፤ የአይጦቹ ሲመጣ ክንፏን ዘርግታ «እኔ ወፍ ነኝ» ትላለች። አያቴ ይህን ስትነግረን አትስቅም ነበር። ግብር የማይከፍል ፍጡር አትወድም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለቱን ማወዳደር ልማድ ሆነብኝ። ጠዋት አንደኛውን፣ ማታ ሌላይቱን። (ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ጋጋኖን ወንድ፣ የሌሊት ወፍን ሴት አድርጌ ነው የማስባቸው።) በቀን ውስጥ ሁለቱም አየር ላይ የሚሆኑባት አሥር ደቂቃ ብትገኝ ነው፤ እሷም ጋጋኖዎቹ ለማደር ሲመለሱና የመጀመሪያዋ የሌሊት ወፍ ስትወጣ፣ ሰማዩ የሽንኩርት ልጣጭ በሚመስልበት ሰዓት።

ጋጋኖን የምታውቁት ሳታውቁት ነው። ቡናማ ሆኖ ፀሐይ ሲመታው አረንጓዴ የሚያብረቀርቅ፣ ማጭድ የመሰለ ረጅም ምንቃር ያለው፣ ሲበር ክንፉ ላይ ነጭ የሚታይበት፣ ከምንቃሩ ሥር ቀጭን ሥጋ የሚንጠለጠልበት ወፍ። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጪ ዓለም ላይ የትም የለም። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1837 ለሳይንሱ ዓለም ሲያስተዋውቀው የእኛ ሰው ከነጩኸቱ ካወቀው ስንት ዘመኑ ነው። ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች የሚባለው ለእሱ የተባለ ይመስለኛል። የውኃ ወፍ ነው ስል የሚገረም አለ፤ ሲዋኝ አይታይማ። ነገር ግን ወገኑ የረግረግና የወንዝ ዳር ወገን ነው፤ በጥር የውኃ ወፎች ቆጠራ ሲካሄድ ከሽመላውና ከሳቢሳው ጋር ይቆጠራል።

የወሽመላዋ ባለቤት ደግሞ የግብፅ የፍራፍሬ የሌሊት ወፍ የምትባለዋ ናት። ስሟ የግብፅ የሆነው ፈረንሳዊው ዤፍሯ እ.ኤ.አ. በ1810 ሲመዘግባት ናሙናዋ ከጊዛ ፒራሚድ ስለተገኘ እንጂ፣ አፍሪካ ውስጥ ብዙ ቦታ አለች። ክንፏ ሲዘረጋ 60 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ፊቷ የውሻ ቡችላ ፊት ነው፤ ዓይኗም ትልቅ ነው። የሌሊት ወፍ ዕውር ናት የሚለውን ወሬ ይህቺን ያየ ሰው አይደግመውም።

ክንፏን ለማየት አንድ ጊዜ ዕድል አግኝቻለሁ። የመንገድ መብራት በጀርባዋ ሆኖ ቅርንጫፍ ላይ ስትሳብ፣ ብርሃኑ በስሱ ቆዳ ውስጥ አልፎ አጥንቶቿ አንድ በአንድ ታዩኝ። እጅ ነው ያየሁት። አውራ ጣት ከነጥፍሩ፣ ከዚያ አራት የተሳቡ ጣቶች፣ በመሃላቸው እስከ እግሯ የተወጠረ ቆዳ። መዳፍህ ውስጥ ያሉት አጥንቶች ቁመትህን ያህል ቢረዝሙና በመካከላቸው ጃንጥላ ቢወጠር ማለት ነው። የጋጋኖው ክንፍ ግን ሲፈታ የሚገኘው ክንድ ነው፤ ጣቶቹ ተዋህደው ጥቂት አጥንት ብቻ ቀርተዋል፣ አየሩን የሚገፋው ላባው ነው። ሁለቱም ይበራሉ፣ ግን አንዱ በክንዱ፣ ሌላይቱ በጣቶቿ። ይህን ካየሁ በኋላ የሌሊት ወፍ መግደል ለእኔ ከባድ ሆነ። እጅ ያለው ነገር ሲሆን ይለያል።

የሚገርመው ግን የሚለያዩበት ሳይሆን የሚገናኙበት ነው። ጋጋኖውን ሣር ላይ ሲሄድ ተመልከቱት። አያይም። ምንቃሩን እስከ ግማሽ አፈሩ ውስጥ ይሰካል፣ ያወጣል፣ ግማሽ እርምጃ ይሄዳል፣ ደግሞ ይሰካል፤ ልብስ የምትሰፋ መኪና ነው የሚመስለው። የእነዚህ ወፎች የምንቃር ጫፍ አጥንቱ በትንንሽ ጉድጓዶች የተበሳሳ ነው፤ በየጉድጓዱ ውስጥ ንዝረት የሚሰማ የነርቭ ጫፍ አለ። ትሉ አፈሩ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ወፉ ሳይነካው፣ ሳያየው ያውቀዋል። ከቅርብ ዘመዱ ከሃዳዳ ጋር ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተደረገ ሙከራ እንዳሳየው አፈሩ በራሰ መጠን ይህ ስሜት ይበረታል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

የሌሊት ወፏም እንዲሁ ናት። ያ «ጠቅጠቅ» የምላሷ ድምፅ ነው። አብዛኞቹ ሌሎች የሌሊት ወፎች በጉሮሯቸው የሚያወጡት ድምፅ ለእኛ ጆሮ እጅግ ቀጭን ስለሆነ አንሰማውም፤ ይህቺ ግን፣ እኛ ሕፃን ስናባብል ወይ በቅሎ ስንነዳ እንደምናደርገው፣ ምላሷን ትመታለች። ድምፁ ግንድና ግድግዳ ነክቶ ሲመለስ ጨለማው ውስጥ ያለውን ትለይበታለች። ዓይን በማይደርስበት ቦታ አንዱ በምንቃሩ ሲያዳምጥ ሌላይቱ በምላሷ ትዳስሳለች። እኔ አንዳንዴ መብራት ጠፍቶ ሻማ ስፈልግ ሁለቱንም እቀናባቸዋለሁ።

ስለ የሌሊት ወፏ ካነበብኳቸው ነገሮች የማይረሱኝ ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም ቴል አቪቭ ውስጥ በዚችው ዝርያ ላይ ከተሠሩ ጥናቶች ነው። በአንደኛው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው፣ ተመራማሪዎች ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ድምፆቻቸውን ቀርፀው ሲመረምሩ አብዛኛው ጭቅጭቅ ሆኖ ተገኘ። የሚጨቃጨቁትም በምግብ፣ በመኝታ ቦታ፣ «ለምን ተጠጋኸኝ» በሚል እና አንዲቷ ያልፈለገችው ወንድ ሲመጣባት ነው። የታክሲ ሰልፍ በሉት። በሁለተኛው ደግሞ እናት የሌሊት ወፍ ልጇን ደረቷ ላይ አንጠልጥላ ትወጣና መንገድ ላይ የሆነ ዛፍ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ እሷ ለቀለብ ሄዳ ጎህ ሳይቀድ ተመልሳ ትወስደዋለች። ልጁ ካደገ በኋላ ብቻውን ሲወጣ የሚሄደው ወደዚያችው ዛፍ ነው። አራት ኪሎ ጠዋት ጠዋት ልጆቻቸውን መዋዕለ ሕፃናት እያደረሱ ቢሮ የሚሮጡትን እናቶች ሳይ ትዝ ትለኛለች።

ጋጋኖ ሁለት ወይ ሦስት እንቁላል ገደል ላይ ወይ ዛፍ ላይ ይጥላል። ስለ እሱ ልጅ አስተዳደግ ይህን ያህል ነው የምለው።

አሁን ወደማልወደው ክፍል ልግባ።

ዓይን ቢጫ የሚያደርገውን በሽታ የወፍ በሽታ እንለዋለን። ልጅ ሆኜ ይህ ስም የትኛዋን ወፍ እንደሚል አልጠየቅሁም፤ አያቴ ግን ታውቅ ነበር። የሌሊት ወፍ በላዩ ያለፈችበት ወይም የሸናችበት ሰው ነው የሚታመመው። ታናሽ ወንድሜ ስምንት ዓመቱ ላይ ምግብ አልበላ አለ፣ ሽንቱ ኮካ መሰለ፣ በሦስተኛው ቀን ዓይኑ ቢጫ ሆነ። የወሰድነው ክሊኒክ «ጉበቱ ነው፣ ይረፍ፣ ፈሳሽ ይጠጣ» ብሎ መለሰን። ይህ ለአያቴ መልስ አልነበረም። ቤታችን የጭቃ ቤት ሆኖ ኮርኒሱ አቡጀዲ ነበር፤ ማታ ማታ ከአቡጀዲው በላይ የሚሯሯጥና የሚንጫረር ነገር ነበር፤ ጥፋተኛው ከአልጋው በላይ ተኝቷል።

በቀን፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ በርበሬ ታጠነ። ከሰል ላይ የተነሰነሰ በርበሬ ምን እንደሚያደርግ ለሚያውቅ አላብራራም። እኛ ግቢው ውስጥ እያሳልን በቆርቆሮውና በግድግዳው መሃል አንድ በአንድ ወጡ፤ አውራ ጣት የሚያክሉ፣ ፀሐዩ ያደናገራቸው። የሰፈሩ ልጆች መጥረጊያ ይዘው ጠበቋቸው። እኔም ይዤ ነበር። አንዷን መትቻለሁ። መሬት ላይ ስትወድቅ ድምፅ አልነበራትም፣ እንደ ደረቅ ቅጠል ነበረች።

ወንድሜ በወሩ ዳነ። አያቴ እስክትሞት ድረስ ያዳነው በርበሬው እንደሆነ ታምን ነበር፤ እኛም ለረጅም ጊዜ አልተቃወምናትም። ኋላ ላይ ነው ያንን ዓይነት ቢጫነት ልጆች ላይ በብዛት የሚያመጣው በተበከለ ውኃና ምግብ የሚተላለፈው ሄፓታይተስ ኤ መሆኑን፣ አብዛኛው ልጅም ያለ ምንም መድኃኒት በሳምንታት ውስጥ እንደሚድን ያነበብኩት። ከኮርኒሱ ያባረርናቸውም ፍሬ የሚበሉት ትልልቆቹ አልነበሩም፤ ሌሊቱን ሙሉ ነፍሳት ሲለቅሙ የሚያድሩ ትንንሾቹ ነበሩ። አገራችን ውስጥ ከ70 በላይ የሌሊት ወፍ ዝርያ አለ። እኛ ግን ሁሉንም በአንድ ስም ጠርተን በአንድ በርበሬ አጠንናቸው።

እዚህ ላይ ጽሑፌን ብዘጋው የሌሊት ወፍ ንጹሕ ናት የሚል ይሆን ነበር። አይደለችም። ኅዳር 2018 ዓ.ም. ጂንካ ላይ የማርበርግ በሽታ መገኘቱ ሲነገር ግቢያችን ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ወሽመላውን አየ። የማርበርግን ቫይረስ ሳትታመም ተሸክማ የምትኖረው ይህችው የግብፅ የፍራፍሬ የሌሊት ወፍ ናት። አያቴ አድራሻውን ብትስትም ሽታው አልጠፋትም ነበር ማለት ነው። ጎረቤቴ መጥረቢያ ሊዋስ መጣ። ቪትዟ ቂም ነበራት።

ያን ቀን በረንዳ ላይ ቁጭ ብለን የነገርኩት የኡጋንዳውን ታሪክ ነው። ኪታካ የሚባል የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2007 በማርበርግ ሲያዙ፣ በጉድጓዱ ውስጥ የነበሩት የሌሊት ወፎች በሺዎች ተገደሉ፣ መውጫቸውም ተደፈነ። ዓመታት አልፈው ጉድጓዱ ሲከፈት ሌሎች ገቡበት። እ.ኤ.አ. በ2012 ከዚያው አካባቢ በሽታው እንደገና ሰው ላይ ተነሳ፤ አዲሶቹ ሲመረመሩ ቫይረሱ የተገኘባቸው ከድሮዎቹ በመቶኛ ከእጥፍ በላይ ሆኑ። አሮጌዎቹን ገድለህ ቦታ ስትለቅ የሚገቡት ወጣቶች ናቸው፤ ቫይረሱን በብዛት የሚይዙት ደግሞ ወጣቶቹ ናቸው። «እና ዝም ብለን እንያቸው?» አለኝ። የነከሱትን ፍሬ አንበላም፣ የወደቀችውን በባዶ እጅ አንነካም፣ መኪናህን ወዲያ ማዶ አቁም አልኩት። የመጨረሻው ምክሬ ነው የተዋጠለት። ዛፉ እስከ ዛሬ አለ።

ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ ግን እንጃ። 2016 ዓ.ም. ላይ የኮሪደር ልማቱ ሲጀመር ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ያለው መንገድ ሁሉ ተገለባበጠ። መንገዱ ሰፋ፣ እግረኛው መሄጃ አገኘ፤ ይህን አልክድም፣ እኔም ማታ ማታ እሄድበታለሁ። በየዳሩ ሣር ተነጠፈ፣ ሣሩም ጠዋት ጠዋት ውኃ ይጠጣል። የራሰ አፈር ብዬ ያዙልኝ ያልኳችሁ እዚህ ላይ ነው። ጋጋኖው እንዲህ ያለ ድግስ በሕልሙም አላየ። ጠዋት ከወንዙ ተነስቶ ከነመንጋው መንገድ ዳሩ ሣር ላይ ያርፋል፤ ሯጮች በአጠገቡ ሲያልፉ ቀና አይልም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ዘመዱ ሃዳዳ ከተማ ለከተማ የተስፋፋው እንዲሁ በሚጠጣ ሣር ነው ይባላል። ከሰፈራችን ሰው ብዙው ሲሄድ ጋጋኖው በዛ።

የሌሊት ወፍ ከዚህ ውስጥ ምን ደረሳት? ሣር አትበላ። የጭቃ ቤቶቹ ሲፈርሱ አቡጀዲ ኮርኒስና የተላቀቀ ቆርቆሮ አብረው ሄዱ፤ በየግቢው የነበረው ወሽመላ፣ ኮክና ሾላ አብሮ ሄደ። በምትኩ የተተከለው ዘንባባ ነው፣ ያማረ ነው፣ ፍሬው ግን አይበላም። መንገዱ ሌሊቱን ሙሉ እንደ ቀን ያበራል። ድሮ የመብራት ምሰሶ ሥር ትንንሾቹ የሌሊት ወፎች ነፍሳት ሲያሳድዱ እናይ ነበር፤ አሁን ወዲያ ወዲህ ብዬ ስቆጥር፣ የአራዳ ልጅ እንደሚለው፣ ወፍ የለም። ማንም አላባረራቸውም። በርበሬ እንኳ አልታጠነም።

ባለፈው ሳምንት ይህን መጻፍ ጀምሬ ለወንድሜ ደወልኩለት። አሁን አዳማ ነው የሚኖረው፣ የሁለት ልጆች አባት ነው። ያን ቀን ታስታውሳለህ ወይ አልኩት፤ በርበሬውን፣ መጥረጊያውን።

ዝም አለ። ከዚያ ሳቅ አለ፣ ደስ ያለው ሳቅ አልነበረም።

«አንድ ነገር ልንገርህ? እኔኮ ከመታመሜ በፊት ከልጆች ጋር ቀበና ወርጄ ዋኝቻለሁ። ጠማኝና ከዚያው ጠጣሁ።»

«ከወንዙ?»

«ከወንዙ። እነዚያ ሃሃ የሚሉት ወፎች ቆመውበት ነበር፣ ድንጋይ ወርውሬ አባርሬያቸው። ወፍ የሚጠጣው ውኃ ንጹሕ ነው ብሎኝ ነበር አንዱ ልጅ።»

«ለምን አልተናገርክም?»

«እማማ ወንዝ የወረደ ይገረፋል ብላ ነበራ። በኋላም እነዚያን ሲገድሏቸው ሳይ... አሁንማ አልናገርም አልኩ።»

ስልኩን ይዤ በረንዳው ላይ ቆምኩ። ከምሽቱ 2 ሰዓት አልፏል፣ ቅርንጫፉ ይወዛወዛል።

«ምን እያደረግክ ነው?» አለኝ ዝም ስል።

«ወፍ እያየሁ።»

«በዚህ ጨለማ?»